የአንዶቨሯ ጸሎት ቤት ፖስት ካርድ፦ ለኢሊኖይ የታሪካዊ ቅርስ ጥበቃ ቢሮ የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ የስዊድን ስደተኞች የሠሯቸው የሉተራን አብያተ ክርስቲያናት ፖስት ካርዶች ከነጀርባቸው እንዲመዘገቡ ስለመጠየቅ

ለተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎች፣

ከአንድ የአሮጌ ዕቃ መሸጫ በ2 ዶላር የገዛሁት ፖስት ካርድ በአንዶቨር መንደር የምትገኘውን የጄኒ ሊንድ ጸሎት ቤት ያሳያል፤ በጀርባው ደግሞ በስዊድንኛ የተጻፉ አራት የደበዘዙ መስመሮች አሉበት።

እ.ኤ.አ. በ1849 ከስዊድን የመጡት ቄስ ላርስ ፖል ኤስብዮርን በማግሥቱ ዓመት ጉባኤውን ሲመሠርቱ አባላቱ 10 ብቻ ነበሩ። ለሕንፃው ገንዘብ ፍለጋ ሲዞሩ ስመ ጥሯ ስዊድናዊት ድምፃዊት ጄኒ ሊንድ 1,500 ዶላር ሰጠቻቸው። ነገር ግን ግንባታው ሳያልቅ ኮሌራ በስደተኞቹ መካከል ገባና ለደወል ማማው የተዘጋጀው እንጨት ለሬሳ ሳጥን ዋለ፤ ምድር ቤቱም የሕሙማን ማረፊያ ሆነ። ማማው እንደታሰበው ሳይቆም በመቅረቱ፣ ታሪኩን ያልሰማ ሰው ሥዕሉን ሲያይ የገንዘብ እጥረት ወይም የአናጺ ስንፍና ሊመስለው ይችላል። የሥዕሉ ትርጉም ያለው ከጎደለው ነገር ላይ ነው።

ይህቺ ጸሎት ቤት በብሔራዊው የታሪካዊ ሥፍራዎች መዝገብ ሰፍራለች። በየእርሻው መካከል የቀሩት ትንንሾቹ ግን ሁሉም ይህን ዕድል አላገኙም፤ በመዝገቡ መስፈር ብቻውንም ቢሆን የግል ባለቤት በራሱ ገንዘብ ሕንፃውን ከመለወጥ ወይም ከማፍረስ አያግደውም። ስለዚህ የቀድሞ መልካቸውን የሚያሳይ ፖስት ካርድ እንደ ማስረጃ ሊቆጠር ይገባዋል።

ጀርባውን ለይቼ የማነሳውም ያለ ምክንያት አይደለም። እስከ መጋቢት 1907 (እ.ኤ.አ.) መግቢያ ድረስ በአሜሪካ ፖስት ካርድ ጀርባ ላይ የተቀባዩን አድራሻ እንጂ መልእክት መጻፍ አይፈቀድም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ጀርባው በመስመር ለሁለት ተከፈለ። በመሆኑም የፊቱን ሥዕል ብቻ ስካን ማድረግ ዘመኑን የምናውቅበትን ምልክትና የላኪውን ቃል አብሮ መጣል ነው።

ቢሮው ከአጥቢያ ጉባኤዎችና ከየካውንቲው ቤተ መጻሕፍት ጋር ተባብሮ እነዚህን ካርዶች በሁለቱም ገጽ እንዲያሰባስብ፣ የስዊድንኛውን ጽሑፍ አስተርጉሞ ለሕዝብ ክፍት እንዲያደርግ በአክብሮት እጠይቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ1866 ምጽዋ ከደረሱት የስዊድን ሚሲዮናውያን ሥራ ጋር ታሪኳ በተሳሰረው በመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ስላደግሁ፣ ነገሩ የሰው ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይታየኝም። የራሴን ካርድ በፈለጋችሁት ቀን ይዤ እቀርባለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ የኢሊኖይ ነዋሪ