አንበጣ አይደለም፤ ስሙን አስተካክሉልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ከፋሲካ በኋላ ባወጣችሁት ዘገባ ርዕስ ላይ «የ17 ዓመቱ አንበጣ ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን ሊወር ነው» ብላችኋል። ዘገባውን ያነበበ ሰው በአእምሮው የቀረችው ቃል አንዲት ናት፤ አንበጣ። ይህች ቃል ስሕተት ናት። ከሥሯ ያለው ምክር ሁሉ የተበላሸውም በእሷ ምክንያት ነው።

ሊወጣ ያለው ሲካዳ ነው፤ 17 ዓመት መሬት ውስጥ ኖሮ የሚወጣ ነፍሳት። አንበጣ ከፌንጣ ወገን ነው፤ መንጋጋ አለው፣ ቅጠሉንም አገዳውንም ይቆረጥማል። ሲካዳ ግን የተክል ጭማቂ ለሚመጠው ለክሽክሽ ይቀርባል፤ መንጋጋ የለውም፤ እንደ መርፌ የቀጠነች መምጠጫ ብቻ ነው ያለችው። ቆርጦ የሚያኝክበት ስለሌለው ጎመናችሁንም ቲማቲማችሁንም ሊበላ አይችልም። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ የሰፈረ የበረሃ አንበጣ መንጋ በአንድ ቀን የ35,000 ሰው ቀለብ ያህል ያወድማል፤ በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትርም ይጓዛል። ሲካዳ ከበቀለበት ዛፍ ብዙም ሳይርቅ፣ እዚያው ጎረቤት ዛፍ ላይ ዘፍኖ፣ ተራብቶ ይሞታል። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ምን የሚሉት ትርጉም ነው?

ይህን ስሕተት ማንም ቢሠራው እናንተ ግን ልትሠሩት አይገባም ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2019 ጀምሮ አንበጣ ወሎንና ራያን፣ አፋርንና ሶማሌን፣ ሐረርጌን ምን እንዳደረገ ራሳችሁ ስትዘግቡ ከርማችኋል። አንባቢዎቻችሁ ወደ አገር ቤት ስልክ በደወሉ ቁጥር የሰሙት ጤፉና ማሽላው ሳይታጨድ መበላቱን ነው። ለእነዚህ ሰዎች ነው «አንበጣ ሊወራችሁ ነው» ብላችሁ የጻፋችሁት። ዘገባችሁ በወጣ ማግስት ፀረ ተባይ ልግዛ ወይ ብለው የጠየቁን አሉ፤ የጌሾ ባልዲያቸውን ቤት ውስጥ አስገብተው መስኮት የዘጉም አሉ። የድንጋጤው መነሻ ከእንግሊዝኛው በጥድፊያ የተገለበጠ አንድ ቃል ነው።

ቃሉ ከየት እንደመጣ ማወቅ ከባድ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ እንግሊዛውያን ሰፋሪዎች ይህን ነፍሳት ሲያዩ የሚያውቁት የመጽሐፍ ቅዱሱን መቅሠፍት ብቻ ስለነበር አንበጣ አሉት፤ ስሙም በአሜሪካ ሕዝብ አፍ እስከ ዛሬ ቀረ። የእነሱን ስሕተት እኛ የምንወርስበት ምክንያት የለም። አማርኛ በዚህ በኩል ድሃ ቋንቋ አይደለም፤ ትንቢተ ኢዩኤል ላይ ተምች፣ አንበጣ፣ ደጎብያና ኩብኩባ አራት ስም ይዘው ለየብቻ ተቀምጠዋል። እንዲህ አጥርቶ በሚለይ ቋንቋ የሚጽፍ ጋዜጣ ለአዲሱ እንግዳ ሲካዳ የሚለውን ስም መዋስ አቅቶት በአንበጣ መሸፈኑ ያሳፍራል።

ዘገባው የተወው ሰውም አለ። በጥቁሮች ታሪክ ስሙ የሚነሣው ቤንጃሚን ባኔከር በዚሁ በሜሪላንድ ገበሬ ነበር። በ1749 ይህንኑ አሁን የምንጠብቀውን ትውልድ ሲያይ እሱም አዝመራውን የሚያጠፉ መስሎት ሊገድላቸው ተነሣ፤ ልፋቱ ከንቱ መሆኑን አይቶ ተወው። በ1766 እና በ1783 ደግመው ሲመጡ አይቶ፣ በ1800 እንደሚመለሱ በማስታወሻው ጻፈ። በ17 እየደመራችሁ ብትመጡ 2021 ላይ ትደርሳላችሁ። አንድ ገበሬ ያለ ማንም ረዳት በጓሮው ተመልክቶ ያረመውን ስሕተት፣ የዝግጅት ክፍላችሁ በ2021 እንደ አዲስ አትሞታል።

ወደ ቀኑ ልምጣ። «ሜይ 10 ይወጣሉ» ብላችኋል። ሲካዳ የሚጠብቀው ቀን ሳይሆን የአፈሩን ሙቀት ነው። 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ፣ ማለትም በ8 ኢንች፣ አፈሩ 64 ዲግሪ ፋራናይት ወይም 18 ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ነው የሚወጡት፤ ሞቅ ያለ ዝናብ ከጣለ ደግሞ ይፈጥናሉ። ሰሞኑን ሌሊቱ ስለሚበርድ ሊዘገዩ ይችላሉ። ማወቅ የሚፈልግ ሰው በረጅም የብሎን መፍቻ (ካቻቢቴ) 8 ኢንች ጉድጓድ ይብሳ፣ ዘንጉ ረጅም የሆነ የአፈር ቴርሞሜትር ይክተትበት፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ ያንብብ። ፀሐይ የሚያርፍበትንና ዛፍ ያጠላበትን ቦታ ለየብቻ መለካት ያስፈልጋል፤ ልዩነቱ ብዙ ስለሆነ በአንድ መንገድ ላይ ያሉ ሁለት ቤቶች በሳምንት ሊቀዳደሙ ይችላሉ። ከዚያ በፊትም ምልክት አለ። ከዛፍ ሥር የጣት ውፍረት ያለው ክብ ቀዳዳ ይታያል፤ አፈሩ ርጥብ በሆነበት ቦታ ደግሞ ቀዳዳው ላይ ጥቂት ኢንች የሚረዝም የጭቃ ጭስ ማውጫ ይሠራሉ። የአይጥ ጉድጓድ መስሏችሁ መርዝ አታስቀምጡበት።

ጓሯችሁ ውስጥ ምንም ካልወጣ ደግሞ አትገረሙ። ግልገሉ 17 ዓመት ሙሉ የሚኖረው የዛፍ ሥር እየጠባ ነው። ከ2004 በኋላ ዛፉ ተመንጥሮ፣ አፈሩ በዶዘር ተገልብጦ የተሠራ ሰፈር ውስጥ የለም። ብዙዎቻችን የገባንባቸው አዳዲስ ታውንሃውሶች እንዲህ ያሉ ናቸው። በታኮማ ፓርክና በሲልቨር ስፕሪንግ አሮጌ ኦክ ያለባቸው መንገዶች ላይ ግን መሬቱ ወንፊት ሊመስል ይችላል፤ በጣም በሚበዙበት ቦታ በአንድ ኤከር እስከ 1.5 ሚሊዮን ተቆጥሯል። «ሁለቱን ግዛቶች ሊወር» የሚለው ርዕሳችሁ ይህን ሁሉ ልዩነት አጥፍቶታል።

አወጣጣቸው ማየት ለሚፈልግ ሰው ድንቅ ነው። ሲመሽ ግልገሉ ከቀዳዳው ይወጣና ያገኘውን ቀጥ ያለ ነገር፣ ዛፍም ይሁን አጥር ወይም የመኪና ጎማ፣ ይወጣል። በጥፍሩ ቆንጥጦ ይቆማል፤ ጀርባው መሐል ለመሐል ይሰነጠቃል። ከውስጡ እንደ ቅቤ የነጣ ለስላሳ አካል ወደ ኋላ ተንጋልሎ ይወጣል፤ ከራሱ በስተኋላ ሁለት ጥቁር ነጥብ አለው፣ ዓይኑ ቀይ ነው። ክንፉ መጀመሪያ የተጨማደደ ስስ ወረቀት ይመስላል፤ ቀስ እያለ ይዘረጋል። ሌሊቱን ጠንክሮ እየጠቆረ ያድራል። በዚያች ሰዓት በመጥረጊያ ወይም በውኃ ጎማ ከተመታ ክንፉ ተጣሞ ይቀራል፤ ልጆቻችሁን ይህን አስረዷቸው። አይናከስም፣ አይናደፍም።

ድምፁ ወዲያው አይጀምርም። ወንዱ ከአምስት ቀን ገደማ በኋላ ነው ሆዱ ጎንና ጎን ያሉትን እንደ ከበሮ የተወጠሩ ስስ ሽፋኖች እያርገበገበ የሚዘፍነው። ዘንድሮ የድምፁ ብርታት ከርክበ ካህናት እስከ ዕርገት ባለው ጊዜ ይሆናል ማለት ነው። ሠርግና ምረቃ በድንኳን ያሰበ ሰው ቀኑን እንዳይሰርዝ፣ ንግግሩንና ፎቶውን ግን ወደ አመሻሹ እንዲገፋ ንገሩት፤ ዘፈናቸው በፀሐይ ነው የሚበረታው፣ ሲመሽ ይከስማል።

አሁን እውነተኛው ጉዳት። ሴቷ እንቁላሏን የምትጥለው የእርሳስ ውፍረት ባለው የዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ነው። በእንቁላል መጣያዋ ቅርፊቱን እየሰነጠቀች በተርታ ትከታለች፤ አንዷ በጠቅላላው እስከ 600 ትጥላለች። የተሰነጠቀው ቅርንጫፍ ጫፉ ቡናማ ሆኖ ተሰብሮ ይንጠለጠላል። ትልቅ ዛፍ ይህን ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ በክረምት እንደተገረዘ ነው። ባለፉት ጥቂት ዓመታት የተተከለ ኮክ፣ ፖም ወይም ቼሪ ግን ቅርንጫፎቹ ሁሉ እርሳስ የሚያህሉ ስለሆኑ ሊጎዳ ይችላል። ጌሾም እንጨቱ የእርሳስ ያህል ከወፈረ መሸፈኑ አይከፋም። ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ኮሰረት፣ ቃሪያ ምንም አይነካቸውም።

መድኃኒቱ መረብ ነው። እናንተ «ቀድማችሁ መርጫ አዘጋጁ» ብላችሁ የመከራችሁት ከሁሉም የከፋው ስሕተታችሁ ነው። ዛሬ የረጫችሁበት ዛፍ ላይ ነገ ከጎረቤት ዛፍ ሌሎች ይሰፍሩበታል፤ የሚሞተው ንብና በመርዝ የሞተውን ሲካዳ የለቀመ ወፍ ነው። መረቡን ስትገዙ ቀዳዳው ከ6 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ከሩብ ኢንች፣ ያልበለጠ ይሁን፤ ለወፍ መከላከያ የሚሸጠው ሰፊ መረብ ሲካዳ ያሳልፋል። የመጀመሪያው ዘፈን ሲሰማ ዛፉን ከላይ እስከ ታች ሸፍናችሁ ግንዱ ላይ በገመድ አጥብቃችሁ እሰሩት። ታቹን ክፍት ከተዋችሁት ከመሬት የሚወጡት በውስጥ በኩል ገብተው እዚያው ይታሰራሉ፣ ዛፉንም ይጨርሱታል። ላስቲክ አታልብሱት፤ ቅጠሉ ይቃጠላል። ጁን ማለቂያ ላይ ድምፁ ሲጠፋ አንሡት። አዲስ ዛፍ መትከል ያሰበ ደግሞ እስከ መከር ይታገሥ።

የቀረውን ባጭሩ። ሽሪምፕ ወይም ሸርጣን የማይስማማው ሰው ሲካዳ እንዳይቀምስ፤ ሰውነቱ ተመሳሳይ ነገር ሊቀሰቅስበት ይችላል። ውሻ ጥቂት ቢበላ ችግር የለውም፣ ቅርፊቱን ካበዛ ግን ያስታውከዋል። ሣር ማጨጃ ድምፅ ስለሚስባቸው ማለዳ ወይም ሲመሽ እጨዱ። የኤር ኮንዲሽነሩን የውጭ ፍርግርግ በየጥቂት ቀኑ ጥረጉ። ታክሲና ኡበር የምትነዱ ደግሞ ዛፍ ባለበት መንገድ መስኮቱን ዝጉ፤ አንዷ ገብታ ፊታችሁ ላይ ካረፈች መጀመሪያ መኪናውን ዳር አቁሙ። ከአንባቢዎቻችሁ ስንቱ በመንዳት እንደሚተዳደር እያወቃችሁ ስለዚህ አንድ መስመር አለመጻፋችሁ አሳዝኖናል።

የዚህን የሲካዳ ትውልድ መጠሪያ «ብሩድ ኤክስ» ያላችሁት ደግሞ በሮማ ቁጥር ነው የተጻፈው፣ ኤክስ (X) አሥር ማለት ነው፤ «ብሩድ ቴን» ተብሎ ይነበባል።

ማረሚያውን በዚህ ሳምንት አውጡ። ርዕሱን ከድረ ገጻችሁ ላይ ቀይሩ፣ የመርጫውን ምክር ሰርዙ፣ የመረቡን ቀዳዳ ልክ በጉልህ ጻፉ። እንግሊዝኛ የማያነቡ እናቶችና አባቶች ይህን የሚያገኙት ከእናንተ ብቻ ነው፤ መረቡም የመጀመሪያው ዘፈን ከመሰማቱ በፊት ተገዝቶ ቤት ውስጥ መቀመጥ አለበት።

ከአክብሮት ጋር፣
የጓሮ አትክልት የምንሠራ አንባቢዎቻችሁ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፤ ሜይ 2021