የዓለም ፖለቲካን ከጣና ዳር ማስተማር

ለዝግጅት ክፍሉ፦

የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ስለሚወስዱት የዓለም አቀፍ ግንኙነት መግቢያ ትምህርት ባለፈው እትም የወጣው ጽሑፍ ኮርሱ ይቅር ወደሚል ድምዳሜ አዘንብሏል። ጉድለቱ ግን በትምህርቱ ሳይሆን በአሰጣጡ ነው።

ተማሪው እ.ኤ.አ. በ1648 በአውሮፓ የሠላሳ ዓመቱን ጦርነት የቋጨውን የዌስትፋሊያ ሰላም፣ የአገሮችን ግንኙነት በኃይል ፉክክር የሚያስረዳውን የሪያሊዝምንና በትብብርና በሕግ የሚያስረዳውን የሊበራሊዝምን ትርጓሜ ሸምድዶ ፈተና ይገባል፤ ሲወጣ ይረሳዋል። እዚህ ባሕር ዳር ግን ዓባይ ከጣና ሲወጣ በዓይን ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1902 በተፈረመው የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ውል ሦስተኛ አንቀጽ፣ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት በዓባይ፣ በጣና ሐይቅና በሶባት ወንዝ ላይ ፍሰቱን የሚገታ ሥራ ላለመሥራት ግዴታ ገብተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1959 ደግሞ ኢትዮጵያ በሌለችበት የናይልን ውኃ በዓመት ግብፅ 55.5፣ ሱዳን 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ አድርገው ተከፋፍለዋል። እነዚህን ሰነዶች እ.ኤ.አ. በ2010 ለፊርማ ከቀረበው የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ጋር አስተያይቶ ያነበበ ተማሪ፣ ኃይልና ሕግ እንዴት እንደሚገፋፉ ከየትኛውም ትርጓሜ በላይ ይረዳል።

ከዚህም ሌላ፣ ወጣቶቻችን ስለ ዓባይ የሚሰሙት አብዛኛው ነገር ስሜት ነው። ተከራክሮ መርታት የሌላውን ወገን መከራከሪያ ጠንቅቆ ማወቅን ይጠይቃል፤ ይህም አገር መውደድን አይቀንስም።

ስለዚህ የትምህርት ክፍሎች ከአጋማሽ ፈተናው ነጥብ ከፊሉን ለድርድር ልምምድ ይስጡ፦ ተማሪዎች የኢትዮጵያን፣ የሱዳንንና የግብፅን ወገን ይዘው በሰነዶቹ ላይ ይከራከሩ፤ አስቀድመውም ከጣና የሚወጣውን ውኃ የሚቆጣጠረውን የጨረጨራ ግድብ ሄደው ይዩ።

አንድ አንባቢ፣ ከባሕር ዳር