ለአባባ፤ ፍልሰታ ሳይገባ

ቨርጂኒያ፣ ሐምሌ 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

አባባ፣ እንደምን ከረሙ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጆቹም ደህና ናቸው። ትልቁ በቁመት አባቱን አልፏል። ድምፁም ጎርናና ሆኗል፤ ባለፈው ስልክ ላይ «ማነህ አንተ?» ብለው እንደደነገጡበት ነግሮኝ ስንስቅ ነበር። ትንሿ ሰንበት ትምህርት ቤት ገብታ ውዳሴ ማርያም ጀምራለች። የሰኞውን በቃሏ ይዛለች። የማክሰኞው ላይ ገና ትደናቀፋለች። እርስዎ ቢያርሟት ደስ ይለኛል።

ስለ ልጆቹ ብጽፍ ወረቀቱ ይሞላል። ደብዳቤውን የጀመርኩት ግን ለሌላ ጉዳይ ነው።

እግርዎ እንደገና ማበጡን እህቴ ነግራኛለች። ደሴ ለቀጠሮ አልሄድም ማለትዎንም ሰማሁ። ሐኪሙ የልብ ድካም ነው ካለ በኋላ ኪኒን አይቋረጥም፣ አባባ። በጾም ቀን እስከ 9 ሰዓት ሳይወስዱ ይውላሉ አሉ። የሚያሸናው ኪኒን ሲቀር ውሃው እግር ላይ ይጠራቀማል፤ ሲብስ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ለታመመ ሰው ጾም እንደሚቀልለት ለእማማ የነገሯት እርስዎ አይደሉም? ጨውም ይቀንሱ። ወጡ ላይ እንዳይጨመር ለእህቴ ነግሬያታለሁ።

ይህንኑ በስልክ ስነግርዎ «ይሁን ልጄ፣ የእጄን ነው የማገኘው» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። በሽታውን እንደ ፍርድ ተቀብለውት ተቀምጠዋል። የሚሌው ነገር ዛሬም አለቀቀዎትም።

ስለ ሚሌ ቤታችን ውስጥ ተወርቶ አያውቅም። የአሰብ መንገድ ሲነሳ ሬዲዮው ይዘጋ ነበር። እኔም ስለዚያ ሌሊት አላወራም። ከዚያ በኋላ ስለሆነው ላውራ። ታስረው ወጡ። ሽማግሌ ተቀመጠ። ድንጋይ ተሸክመው አያቴ ደጅ ቆሙ። ልጇን ያጣችው እሷ ነበረች። ድንጋዩን ከጫንቃዎ ያወረደችውም እሷ ናት። «አንዱን ልጄን ቀበርኩ፤ ሁለተኛ አልቀብርም» ስትል አጠገቧ ነበርኩ። ደሙ ደረቀ። እስክትሞት ድረስ የፋሲካን ጾም ያለ እርስዎ ገድፋ አታውቅም።

እማማም ይቅር አለች፤ ሟቹ ወንድሟ ሆኖ ሳለ። የንስሐ አባትዎም ቀኖና ሰጡ። እርስዎም ጨረሱ። እሳቸውም «እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉ። እንግዲህ የቀረ ሰው አለ? እርስዎ ብቻ ነዎት።

አባባ፣ ይህን ለማለት ብዙ ጊዜ ፈልጌ አቅቶኛል። ራስዎን ሲቀጡ እኛንም ቀጥተውናል።

የሠርጌ ዕለት ጉልበት ልስም ስመጣ ወንበርዎ ላይ ትልቁ ወንድምዎ ተቀምጠው ነበር። እርስዎ ጓሮ እንጨት ይፈልጣሉ ተባልኩ። እንጨት! በልጅዎ ሠርግ፣ አዲሱን ኮትዎን አውልቀው። «የእኔ ምርቃት አይሆናትም» ማለትዎን በኋላ ሰማሁ። ያን ቀን ስማቸውን እንኳ የማላውቃቸው ሰዎች ሁሉ መረቁኝ። እኔ የፈለግሁት የአንድ ሰው ምርቃት ነበር። ፎቶውን እስከ ዛሬ ግድግዳ ላይ አልሰቀልኩትም። ትልቁን ልጄን ይዤ ስመጣም «በእኔ እጅ አይያዝ» ብለው ወደ ኋላ አሉ። ያ ሕፃን ነው ዛሬ በስልክ የሚያስደነግጥዎት።

ውለታዎን አልክድም። ሹፌርነቱን ትተው ሌሊት ጥበቃ እያደሩ አስተምረውኛል። እግዜር ይስጥልኝ። ይሄኛው ግን ሌላ ነው።

ስለ እማማ ባልናገር በወደድኩ። አብራችሁ እንድትቆርቡ ፍልሰታ በመጣ ቁጥር ትለምንዎት ነበር። ጥለቱ አንድ ዓይነት የሆነ ሁለት ኩታ አሸምና አስቀምጣለች። ጎረቤቶቿ ከባሎቻቸው ጋር ሲቆርቡ እሷ ድግሱ ላይ እንጀራ ልታቀርብ ትሄድ ነበር። በመጨረሻ በሽታው ሲጸናባት ብቻዋን ቆረበች። የእርስዎ ኩታ እስከ ዛሬ ከሳጥን አልወጣም። እሷ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰችዎትም። እኔ ግን ተቀይሜያለሁ፣ አባባ። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

የበላዔ ሰብእን ታሪክ የነገሩን እኮ እርስዎ ነዎት። የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት ሲነግሥ ትከሻዎ ላይ አድርገውኝ እየሄድን ነበር። 78 ሰው የበላው ሰውዬ ለአንድ የተጠማ ደሃ በእመቤታችን ስም በሰጠው ጥርኝ ውሃ ዳነ አሉኝ። «ያ ሁሉ ሰው ሞቶ እንዴት?» ስልዎት፣ «የእግዚአብሔር ምሕረት በእኛ ሚዛን አይመዘንም» ብለው መለሱልኝ። ታዲያ ለ78 ነፍስ የበቃ ምሕረት ለአንድ ሌሊት እንዴት ያንሳል?

ሰሞኑን ጴጥሮስንና ይሁዳን ሳስብ ከረምኩ። ይሁዳም እኮ ተጸጽቷል። 30ውን ብር መልሶ «ንጹሕ ደም አሳልፌ ሰጥቻለሁ» ብሏል። ጸጸቱ አላነሰውም። ፍርዱን ራሱ ሰጥቶ፣ ቅጣቱንም ራሱ ፈጽሞ ሄደ እንጂ። ጴጥሮስ ግን በጥብርያዶስ ባሕር ዳር የቆመው ጌታ መሆኑን ሲሰማ ጀልባው እስኪደርስ አልጠበቀም፤ ዘሎ ገባ። እዚያም የከሰል እሳት ተቀጣጥሎ ነበር፣ በካደበት ሌሊት እንደሞቀው ያለ። ጌታ ስለ ክህደቱ አንድ ቃል አላነሳም። «ትወደኛለህን?» ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀው። ከዚያ ሥራ ሰጠው፤ በጎቼን ጠብቅ አለው። ጴጥሮስ «እኔማ አይገባኝም፣ ሌላ ሰው ይጠብቃቸው» ቢል ኖሮ ትሕትና ይመስል ነበር። በጎቹ ግን ያለ ጠባቂ ይቀሩ ነበር። እኛ እንደዚያ ነው የቀረነው።

ዮሐንስም በመልእክቱ ልባችን ቢፈርድብን እንኳ እግዚአብሔር ከልባችን ይበልጣል ይላል። ይህን በሰማሁ ቁጥር እርስዎ ትዝ ይሉኛል።

በየስቅለቱ ማታ በወይራ ተጠብጥበው፣ ካህኑ ያዘዙዎትን እጥፍ አድርገው እንደሚሰግዱ እህቴ ነግራኛለች። በዚያ ጉልበት! ስግደቱ እኮ ማብቂያ አለው። ቅዳሜ ቄጤማ ይታደላል፤ ሌሊቱን ትንሣኤ ነው። እርስዎ ግን ከዓርብ አልወጡም።

በዚህ ዕድሜ ምን አዲስ ነገር ይጀመራል ይሉኝ ይሆናል። ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ሲቀራት፣ በ11 ሰዓት ወይኑ ቦታ የገቡትም ያችኑ አንድ ዲናር ነው የተቀበሉት።

አጎቴን ይርሱት አላልኩም። እንዴት ይረሳል? ስሙን በጸሎት እንደሚያነሱት ማንሳትዎን አይተዉ። ብቻ የንስሐ አባትዎ ዘንድ ሄደው ከዚያ ወዲህ ያለውንም ይንገሯቸው። እኛን የራቁበትን፣ እማማን ያስጠበቁበትን። ስለ መድኃኒቱና ከቁርባን በፊት ስላለው የ18 ሰዓት ጾምም ይጠይቋቸው፤ እንዴት እንደሚሆን እሳቸውና ሐኪሙ ይወስኑ እንጂ እርስዎ አይወስኑ። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። ቀን ካለዎት እህቴ ታደርስዎታለች፤ ባጃጁ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ይሄዳል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በስልክ አልወጣ ብሎኛል። ሌሊት ስልክ ሲጮኽ ልቤ ይቆማል። የሞትዎን ነገር ማሰብ ከብዶኛል። ከዚያ ይልቅ ግን የሚያስፈራኝ ሁሉም ይቅር ብሎዎት፣ እርስዎ ከራስዎ ጋር ሳይታረቁ መሄድዎ ነው። እኔ ያን መሸከም አልችልም።

ትኬት ቆርጠናል። ነሐሴ 12 ልጆቹን ይዤ ኮምቦልቻ እገባለሁ። ነሐሴ 16 የሚቆርቡ ከሆነ እማማ ያሸመነችውን ኩታ እኔ አለብስዎታለሁ። ባይቆርቡም መምጣቴ አይቀርም። ጉልበትዎን ስሜ፣ ያን ያስቀሩብኝን ምርቃት ሳልቀበል ግን አልመለስም። እነዚህንም ልጆች በእጅዎ ዳስሰው ይመርቁልኛል።

የደሴው ቀጠሮ ሐምሌ 28 ነው። እባክዎ ይሂዱ። ማታ ማታ እግርዎን ትራስ ላይ ከፍ ያድርጉ፤ ኪኒኑንም ጠዋት ይውሰዱ።

ልጅዎ