እማዬ፣ የጓዳውን በር ክፈቺው

የካቲት 15 ቀን፣ አዲስ አበባ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? የደብረ ብርሃን ብርድ የካቲት ገባ ብሎ አይራራምና ጋቢሽን ሳትደርቢ ደጅ እንዳትቀመጪ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

በስልክ መነጋገር ስንችል ለምን በወረቀት እንደምጽፍ ይገርምሽ ይሆናል። በስልክ "ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩ" ትዪና ነገሩን ትዘጊብኛለሽ፤ እኔም ድምፅሽን ስሰማ ያሰብኩት ሁሉ ይጠፋኛል። ደግሞም በ1971 ዓ.ም. መሠረተ ትምህርት ሲጀመር ታላቅ ወንድሜን አዝለሽ ማታ ማታ በፋኖስ ፊደል የቆጠርሽ ሴት ነሽ። ይህን ደብዳቤ ማንም እንዲያነብልሽ አልፈልግም፤ ራስሽ አንብቢው። ፊደሉን ያተለቅሁት ለዓይንሽ ብዬ ነው።

ወንድሜ የነገረኝ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ጠዋት የስኳር መርፌሽን ከወጋሽ በኋላ ቁርስሽን ይዘሽ ጓዳ ትገቢያለሽ አለኝ። ተከራዮቹ እንዳያዩሽ በሩን ትዘጊያለሽ። ረቡዕና ዓርብ ሲሆን መጋረጃውንም ትጎትቻለሽ። ሰኞ ነነዌ ትገባለች፣ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሑዳዴ ይከተላል፤ 55 ቀን እንደ ሌባ ተደብቀሽ ልትበዪ ነው? "ጾም የማይጾም፣ መስገድ የማይችል፣ ምኑን ክርስቲያን ሆነ" ብለሽ ማልቀስሽንም ነገረኝ።

ሐኪሙ መርፌ ወግተሽ ሳትበዪ መቆየት እንደማይሆን ነግሮሻል። የንስሐ አባትሽም ፈቅደውልሻል። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን ከጾም እንደምታሳርፍ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም፤ አክስቴ ታማ በተኛች ጊዜ በሑዳዴ ወተት አፍልተሽ በማንኪያ ያጠጣሻት አንቺ ነሽ። "ፈጣሪ ሕመሟን አያይም ብለሽ ነው?" ያልሻትን እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ። ደግሞስ ምን በላሽ? ሥጋና ቅቤ አልነካሽ። በዘይት የተሠራ ቂንጬ ነው፣ ያውም አንድ ጭልፋ። የተለወጠው ሰዓቱ ብቻ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ትቆዪ የነበርሽው አሁን በጠዋቱ ሁለት ሰዓት ቀመስሽ። ስለዚህ ያሳፈረሽ ሕጉ አይመስለኝም፣ እማዬ። ያሳፈረሽ የሰው ዓይን ነው። ይሉኝታ ነው።

አንቺ ግን ለይሉኝታ የምትንበረከኪ ሴት አልነበርሽም። ይህን የማውቅበትን ነገር እስከ ዛሬ ደብቄሻለሁ።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ የነበረውን ጥምቀት ታስታውሻለሽ? ያ አረንጓዴ ጥለት ያለው ቀሚስሽ፣ ከብረት ሳጥኑ በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ብቻ የሚወጣው። ለከተራ ስንዘጋጅ ሳጥኑን ብከፍተው የለም። ከሠፈራችን ዳር ጠላ ትሸጥ ለነበረችው ሴት አውሰሻታል። አባቱ ያልታወቀ ልጅ ወለደች ተብሎ ሴቶቹ ከቡና ያገለሏት ነበረች። አንቺ ኮሌታው የሳሳ አሮጌ ቀሚስሽን ለብሰሽ፣ ከላይ ጋቢ ጣል አድርገሽ ወጣሽ። እኔ "ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" ብዬ ጮኽኩብሽ። "እሷም ታቦት ልትሸኝ ይገባታል" አልሽኝ፤ ከዚያ በላይ ምንም አልተናገርሽም።

ያን ቀን ጓደኞቼን አገኘሁ ብዬ ነበር የተለየሁሽ። ጓደኞቼን አላገኘሁም። ከኋላሽ ሃያ እርምጃ ያህል ርቄ ስከተልሽ ነበር፤ ሰው ልጅሽ መሆኔን እንዳያውቅ። አንቺ እልል እያልሽ ታቦቱን ትከተያለሽ፤ ያቺ ሴት ባንቺ ቀሚስ አምራ፣ ልጇን አዝላ፣ ከጎንሽ ትሄዳለች። ያፈርኩት በእናቴ ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን በውስጤ ይዤው ኖሬአለሁና ይቅር በዪኝ።

ነቢዩ ኢዩኤል "ልባችሁን እንጂ ልብሳችሁን አትቅደዱ" ያለው ሲነበብ፣ ልጅ ሳለሁ ልብና ልብስ አንድ ቃል ይመስሉኝ ነበር። በእኛ ቋንቋ የምትለያቸው አንዲት ፊደል ናት። ምናልባትም በቀላሉ የምናምታታቸው ለዚህ ይሆናል። ሳሙኤልን የሚያህል ነቢይ እንኳ የእሴይን የበኩር ልጅ ቁመናና ፊት አይቶ "በእውነት የሚቀባው ይህ ነው" አለ፤ እሱም ተሳሳተ። "ሰው ፊትን ያያል፣ እግዚአብሔር ግን ልብን ያያል" የተባለው ያኔ ነው፤ የተነገረውም ለነቢዩ ለራሱ ነው።

ይህችን ጥቅስ እኔ ብዙ አጉድያታለሁ። አዲስ አበባ ገብቼ ሥራ ከያዝኩ በኋላ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳልረግጥ የኖርኩባቸውን ዓመታት ታውቂያለሽ። ስትጠይቂኝ "እግዚአብሔር የሚያየው ልብን ነው" እልሽ ነበር፤ አንቺም ዝም ትዪኛለሽ። በመሥሪያ ቤታችን አንዲት ሴት አለች፤ ጾም ሲገባ ነጠላዋን አጣፍታ ትመጣለች፤ ጠዋት ሥራ ሳትጀምር ውዳሴ ማርያሟን ትደግማለች። ባየኋት ቁጥር በሆዴ "ለታይታ ነው" እላለሁ። አንዳንዴም በአፌ ብያለሁ።

አንድ ጊዜ ቢሯችንን የምታጸዳው ሴት ሳምንት ሙሉ ቀረች። እኔ ጠረጴዛዬ አቧራ መልበሱን አይቼ ተበሳጨሁ እንጂ የት ገባች ብዬ አልጠየቅሁም። ለካ ልጇን ቀብራ ኖሯል። ከቀብሩ የተገኘችው፣ ሦስቱን ቀን ከለቅሶ ቤት ያልተለየችው፣ ለሰልስቱ እንጀራ ጋግራ የወሰደችው ያቺ "ለታይታ ነው" ያልኳት ሴት ነበረች። ለማናችንም አልነገረችንም። ሐዘንተኛዋ ጥቁር ለብሳ ስትመለስ ከእሷው አፍ ሰማን።

ማታ ቤቴ ገብቼ መብራት ሳላበራ ተቀመጥኩ። እግዚአብሔር ልብን ያያል እያልኩ የተመካሁበት ልብ ውስጥ ምን ነበር? አንድ ሳምንት ሙሉ አንዲት እናት መቅረቷን ያላየ ልብ። ያ ፈሪሳዊ "እንደዚህ ቀራጭ ስላልሆንሁ አመሰግንሃለሁ" ሲል ቢያንስ በሳምንት ሁለት ቀን ይጾም ነበር፤ እኔ ጾሙን ትቼ ትዕቢቱን ብቻ ወረስኩ። ነጠላ ያጣፋችውን ሁሉ ግብዝ ማለትም በመልክ መፍረድ ነው፣ እማዬ። ነጠላ ያልለበሰችውን እምነት የላትም ከማለት አይሻልም። በዚያው ሳምንት እሑድ ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቅዳሴ የሄድኩት ለዚህ ነበር፤ ያኔ ግን ምክንያቱን አልነገርኩሽም።

ስለዚህ ጾሙም ስግደቱም ነጭ ልብሱም ምንም አይደለም ልልሽ አይደለም የምጽፈው። እንደዚያ ብዬ ኖሬ አይቼዋለሁ። ጫማ አውልቆ መግባት፣ ደጀ ሰላሙን መሳለም፣ በባዶ ሆድ መቆም ሰውነትን የሚያስተምሩ ነገሮች ናቸው፤ ልብም ከሰውነት ይማራል። እኔ ገና እየተማርኩ ነኝ። አንቺ ግን "ይጹም ዓይን፣ ይጹም ልሳን" የሚለውን የጾም ዜማ ሕይወት አድርገሽዋል። ሠፈሩ በሙሉ ያቺን ጠላ ሻጭ ሲያማ አንደበትሽ ጾሟል። ዓይንሽም ነውሯን አላየም። ያንን ጾም ስኳር በሽታ ሊያስፈታሽ አይችልም፤ መርፌም አይነካውም።

ጌታም ጾምን ሲያስተምር ራስህን ተቀባ፣ ፊትህንም ታጠብ፣ ጾመኛ እንደሆንህ ለሰው አትታይ አለ። ሰው እየጾመ እንዳልጾመ ሆኖ እንዲታይ ጌታ ካዘዘ፣ አንቺ በሕመም ሳትጾሚ ስትታዪ ምኑ ነው የሚያሳፍርሽ? በስውር የሚያይ አባት ጓዳውንም ያያል፤ ከእሱ የሚደበቅ ቂንጬ የለም።

ነገ ኪዳነ ምሕረት ናት። እሳት ዳር ሰብስበሽን የበላዔ ሰብእን ታሪክ ስትነግሪን አስታወስኩ፤ 78 ነፍስ የበላ ሰው በእመቤታችን ስም በሰጣት ጥርኝ ውኃ ምሕረት እንዳገኘ። ታናሽ ወንድሜ "ጾሞ ያውቅ ነበር?" ብሎ ሲጠይቅሽ "ለተጠማው ራራ" ብለሽ መለስሽለት። ለሱ የመለስሽውን ለራስሽም መልሺ፣ እባክሽ።

ስለ ሥጋ ወደሙ እኔ የምለው የለኝም፤ የንስሐ አባትሽን አማክሪ፤ እሳቸው የሚሉሽን አድርጊ። የስቅለት ስግደት ግን ካሁኑ አያስጨንቅሽ። አምና ወንበር ላይ ሆነሽ ራስሽን ዝቅ ስታደርጊ ከጎንሽ ነበርኩ፤ በግንባርሽ ያለው ንቅሳት መስቀል ጉልበትሽን ሲነካ አይቻለሁ።

የጓዳውን በር ክፈቺው። ከቤት ፊት ለፊት፣ ጠዋት ፀሐይ ከምታርፍበት ቦታ ተቀምጠሽ ብዪ። ከተከራዮቹ አንዷ ብትጠይቅሽ "ሕመምተኛ ነኝ" በያት፤ ባትጠይቅሽም ተያት።

ፈቃድ የሚሰጡኝ በሑዳዴ አራተኛው እሑድ አካባቢ ነው፤ ለመጻጉዕ እደርሳለሁ። ያ ሕመምተኛ ሰው 38 ዓመት ተኝቶ "ወደ መጠመቂያው የሚያወርደኝ ሰው የለኝም" ያለው የሚታሰብበት ቀን ነው። በርጩማ ተሸክመሽ መሄድ ስለሚከብድሽ ሁለት ወር ሙሉ ቤተ ክርስቲያን እንዳልሄድሽ ሰምቻለሁ። በርጩማዋን እኔ እይዛለሁ። በሌላው እጄ አንቺን። ቀስ እያልን እንሄዳለን፣ መርፌሽንና ቁርስሽን ከጨረስሽ በኋላ። ያንን አረንጓዴ ጥለት ከሳጥኑ አውጥተሽ አናፍሺው፤ ለሌላ ሰው ሰጥተሽው ከሆነም ባለው ልብስሽ እንሄዳለን። ዘንድሮ ሃያ እርምጃ ርቄ አልሄድም።

ልጅሽ