ሕጉ ዐሥራ አንድ ቀን ቆየ

ለአዘጋጁ፦

«መንግሥት አንዴ ሕግ ካወጣ አለቀ» ሲባል በሰማሁ ቁጥር የካናዳዋ ክፍለ ሀገር ኦንታሪዮ ትዝ ትለኛለች።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 2022 የክፍለ ሀገሩ መንግሥት 55,000 ያህል የትምህርት ቤት ሠራተኞች አድማ እንዳይመቱ የሚከለክል ሕግ አጸደቀ። መምህራን አይደሉም፤ ጽዳት፣ ጸሐፊ፣ የመምህር ረዳት ናቸው። ያልተስማሙበትንም የሥራ ውል ጫነባቸው። ቅጣቱን ደግሞ እዩት፦ ለአንድ ሠራተኛ በቀን እስከ 4,000 ዶላር! የሠራተኞቹ ማኅበር እንደሚለው አማካይ ደመወዛቸው በዓመት 39,000 ገደማ ነበር። ዐሥር ቀን ካደሙ የዓመቱ ደመወዝ ሄደ ማለት ነው።

በማግሥቱ ግን አድማ መቱ። እኔም ልጄን ይዤ ቤት ቀረሁ፤ አልዋሽም፣ ተነጫንጬ ነበር።

የገረመኝ ሌላው ነው። ከጥቂት ወራት በፊት በምርጫው የክፍለ ሀገሩን መንግሥት መሪ ዳግ ፎርድን የደገፉ የግንባታ ሠራተኞች ማኅበራት ሳይቀሩ ሕጉን ተቃወሙ። ጠቅላላ አድማ ሊጠራ ነው ተባለ። ሰኞ ዕለት የማኅበራቱ መሪዎች መግለጫ ሊሰጡ ሲዘጋጁ፣ ፎርድ ቀድመው ብቅ አሉና ሠራተኞቹ ወደ ሥራ ከተመለሱ ሕጉን እንሽረዋለን አሉ። ኖቬምበር 14 ተሻረ። ጭራሽ እንዳልወጣ ተቆጠረ።

ዲሴምበር ላይ የጸደቀው ውል በሰዓት 1 ዶላር ገደማ ጨመረላቸው። ከጠየቁት በጣም ያንሳል፤ ድምፅ ከሰጡት አባላት ከሩብ በላይ የሆኑት «አይሆንም» ብለዋል።

አንድ አባት፣ ከቶሮንቶ