ግልጽ ደብዳቤ ለግብርና ሚኒስቴር፦ ማሳና ከብት ለምትቃኝ አነስተኛ አውሮፕላን ፈቃድና መሞከሪያ ሜዳ ስለመጠየቅ

ለግብርና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ክቡር ሚኒስትር፣

እኔና ሦስት ጓደኞቼ በአርሲ ከስንዴ አምራች ቤተሰቦች ተወልደን በምህንድስና የተመረቅን ስንሆን፣ ላለፉት ሁለት ዓመታት ካሜራ ተሸክማ በራሷ የምትበር አነስተኛ አውሮፕላን ስንሠራ ቆይተናል። አውሮፕላኗ አሁን በራሷ መነሳት፣ የተሰጣትን መስመር ጨርሳ ተመልሳ ማረፍ ትችላለች። ለአንድ ወቅት የተሰጠን የሙከራ ፈቃድ ግን አብቅቷል፤ እድሳቱ የማን ሥራ እንደሆነ የሚነግረን አላገኘንም። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምንጽፈው ጉዳዩን ከሚመለከታቸው አካላት ጋር ተነጋግሮ መልክ ሊያስይዝልን የሚችለው የእርስዎ መሥሪያ ቤት ነው ብለን ስለምናምን ነው።

የስንዴን ቅጠልና ግንድ ስለሚያጠቃው የዋግ በሽታ ለእርስዎ መሥሪያ ቤት ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብናል። በ2003 ዓ.ም. መግቢያ ቢጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን ስንዴ ሲፈጀው እኛ ልጆች ነበርን። ገበሬው ቢጫ ዋግን ይቋቋማል የተባለውን ዲገሉ የሚባል የስንዴ ዝርያ ዘርቶ ተስፋ ባደረገ ማግስት፣ በ2006 ዓ.ም. አዲስ የግንድ ዋግ ዓይነት መጥቶ እሱንም አጠፋው። ከሁለቱም ዓመታት በአእምሮዬ የቀረው አባቴ ከማሳው ዳር ቆሞ የሚለው ነገር ነው፤ «ዳሩ ደህና ነው» ይል ነበር። ዳሩ ደህና ነበር። በሽታው የጀመረው ከመሐል፣ ከመደብ በማትበልጥ ቦታ ነበርና፣ ምልክቱ ከዳር ሆኖ ለሚያይ ሰው ሲታይ የሚረጭ ኬሚካል ቢገኝም ጊዜው አልፎ ነበር።

የእኛ አውሮፕላን የተሠራችው ያንን መሐል ለማየት ነው። ክንፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1.8 ሜትር ሲሆን፣ ገላዋ ከፎም፣ አጥንቷ ከካርቦን ዘንግ ነው፤ ባትሪዋን ጨምሮ ሁለት ኪሎ ያህል ትመዝናለች። ከክብሪት ቀፎ ብዙም የማይበልጥ የበረራ መቆጣጠሪያ ከጂፒኤስ፣ ከአየር ግፊት መለኪያና ከሚዛን ጠባቂ ሴንሰሮች የሚያገኘውን መረጃ በየቅጽበቱ እያሰላ ክንፏንና ጭራዋን ያዛል። በ100 ሜትር ከፍታ ለ40 ደቂቃ በርራ ከ100 ሄክታር በላይ የሆነ የኩታ ገጠም ማሳ በተደራረቡ ፎቶዎች ታነሳለች፤ ፎቶዎቹን ማታ በላፕቶፕ ስንሰፋቸው ጠዋት አንድ ካርታ ይሆናሉ። ጤነኛ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይውጣል፣ ዓይናችን የማያየውን ከቀይ ቀጥሎ ያለውን ብርሃን ደግሞ አብዝቶ ይመልሳል። ቅጠሉ ሲታመም ይህ ልዩነት ይጠብባል፤ ካሜራችን የሚለካው ይህንኑ ነው።

ከአቅሟ በላይ ቃል መግባት አንፈልግም። አውሮፕላኗ «ይህ ዋግ ነው» ብላ አትናገርም፤ የማዳበሪያ እጥረትም፣ ውኃ የተኛበት መሬትም በካርታው ላይ ተመሳሳይ ምልክት ሊያሳዩ ይችላሉ። የምትለው «እዚህ ሂዱና እዩ» ነው። በእግሩ ብዙ ማሳ ማዳረስ ያለበት የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ግን በቀጥታ ወደ ሦስትና አራት ቦታ ሄዶ ቅጠሉን ቢያገላብጥ፣ የሚረጨውም ሙሉው ማሳ ሳይሆን የታመመው ብቻ ቢሆን፣ ለገበሬው ኪስ ምን ያህል እንደሚቀል እርስዎ ያውቁታል።

ሀገራችን ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋን ሳተላይት ወደ ሕዋ አምጥቃለች፤ እንኮራባታለን። ይሁንና በዚያ ዓይነት ሳተላይት ምስል ላይ አንዷ ነጥብ በመሬት ላይ ከአሥር ሜትር በላይ ስለምትሸፍን መደብ የምታህል በሽታ ለይቶ ማየት አይቻልም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ስንዴው ዓይን በሚያስፈልገው በነሐሴና በመስከረም ሰማዩ በደመና ይሸፈናል። ትንሿ አውሮፕላን የምትበረው ከደመናው በታች ነው።

ይህችን አውሮፕላን ከውጭ ተሠርታ የመጣች ልትተካት ትችላለች የሚል ሐሳብ ቢነሳ ከራሳችን ውድቀት አንድ ነገር ልናገር። የመጀመሪያዋን ስንሠራ መመሪያውን የቀዳነው ለቆላማ አገር ከተጻፈ ሰነድ ነበር። የእኛ ቦታ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው፤ እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ የሚያዞረው ውልብልቢት (ፕሮፔለር) የሚገፋበት ኃይል ይቀንሳል፣ ክንፉም ያንኑ ክብደት ለመሸከም ይበልጥ መፍጠን አለበት። ነፋስ ከኋላዋ መጥቶ በታጠፈችበት ቅጽበት ክንፏ አየሩን ለቀቀውና በአፍንጫዋ ገብስ ውስጥ ተተከለች። ባለ ገብሱ ሽማግሌ ሳይቆጡ ፎሙን ከእኛ ጋር ሲለቅሙ ዋሉ። ከዚያ በኋላ ሰፋ ያለ ውልብልቢት ገጠምን፤ በአፍንጫዋ ላይም አየሩን ሰንጥቃ የምትሄድበትን ፍጥነት የምትለካ ቀጭን ቱቦ ተከልን፤ እስከ ዛሬ እንዲያ አልወደቀችም። ይህ ዕውቀት የሚገኘው እዚሁ ደጋ ላይ በማብረር ብቻ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ባለፉት ዓመታት በሀገራችን በነበረውና ባለው ግጭት ምክንያት «ድሮን» የሚለው ቃል ለብዙ የገጠር ሰው የሞት ስም ሆኗል። በአንድ ቀበሌ አውሮፕላናችን ስትነሳ አንዲት እናት ልጆቻቸውን ጎትተው ቤት ሲያስገቡ በዓይኔ አይቻለሁ፤ በዚያ ቀን ሥራውን አቆምን። ከዚያ ወዲህ ቀበሌውን ሰብስበን፣ አውሮፕላኗን በእጃቸው አስይዘን፣ ምን እንደምታይና ምን እንደማታይ አሳይተን፣ ሳይስማሙ አናበርም። እኚያ እናት ኋላ በፎቶው ላይ የጎመን መደባቸውን ፈልገው አግኝተዋል። የጸጥታ አካላት ሥጋትም ከዚሁ የመጣ ስለሆነ አናቃልለውም፤ ፈቃድ የምንለምነውም ለዚሁ ነው። ሕግ ያለው በረራ ማን፣ የት፣ መቼ እንደሚያበር ይታወቃል፤ ሕግ ሲጠፋ ግን ሰው ከሰማይ የሰማውን ድምፅ ሁሉ ይፈራል።

የደረሰብን እንግልት ረጅም ነው፤ አንዱን ብቻ ልጥቀስ። ያዘዝነው ካሜራና የበረራ መቆጣጠሪያ በአንድ መሥሪያ ቤት ሰባት ወር ተይዞ ቆይቷል፤ ለጻፍነው ደብዳቤ በጽሑፍ መልስ ሳናገኝ የዋግ ወቅት አለፈ።

በሌሎች የአፍሪካ ሀገሮች መንገዱ ተጀምሯል። ማላዊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 በካሱንጉ ለሙከራ በረራ ብቻ የሚያገለግል፣ ራዲየሱ 40 ኪሎ ሜትር የሆነ የአየር ክልል ከዩኒሴፍ ጋር ከፍታለች። እኛ የምንጠይቀው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ሚኒስቴሩ ከኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንና ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ጋር ተነጋግሮ፣ ከሦስት ኪሎ በታች ለሚመዝኑና ከ120 ሜትር በላይ ለማይወጡ የግብርና አውሮፕላኖች ጥያቄው በአንድ መስኮት ቀርቦ በታወቀ ቀን መልስ የሚያገኝበት፣ ዕቃዎቻቸውም በዚያው ፈቃድ የሚገቡበት አሠራር እንዲዘረጋ እንጠይቃለን። መሞከሪያ ሜዳ ደግሞ የስንዴ ምርምር በሚካሄድበት በቁሉምሳ ቢፈቀድልን፣ የእኛን ካርታ ተመራማሪዎቹ በእግራቸው ካዩት ጋር አስተያይተው ስህተታችንን ይነግሩን ነበር።

ከብቱ ቀጥሎ ይመጣል። በአፋር ከብት ከመንቀሳቀሱ በፊት ግጦሽና ውኃ አይቶ የሚመለስ ሰው የመላክ «ኤዶ» የሚባል ጥንታዊ ሥርዓት አለ። የእኛ አውሮፕላን ይህን ሰው አትተካውም፤ በድርቅ ጊዜ ግን ከጉብታው ማዶ ያለው ኩሬ ውኃ መያዝ አለመያዙን ሳይደክም ልታሳየው ትችላለች። ሙከራውን የምንጀምረው ግን የስንዴው ከተሳካልን በኋላ ነው።

ዘንድሮ ስንዴው ሳይታጨድ፣ በመስከረም አጋማሽ፣ አንድ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ እንዲልኩልን በአክብሮት እንጠይቃለን። ማሳውን አስቀድመው በእግራቸው ያዩት፣ ያገኙትንም ለእኛ ሳይነግሩ በወረቀት ይመዝግቡ። ፈቃድ ካገኘን በማግስቱ እናበራለን፤ ከዚያ ሁለቱን እናስተያያለን።

ከአክብሮት ጋር
ከአርሲ፣ በአራታችን ስም