ከአዲስ አበባ በፊት ስለነበረው የፍንፍኔ የካቶሊክ ሚሲዮን፦ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ

እንደምን ሰነበታችሁ? ሥራ እንደሚበዛባችሁ አውቃለሁ፤ በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ።

የምኒልክ ሐውልት አጠገብ አስጎብኚዎች ለእንግዶቻቸው ሲያወሩ ጆሮዬን ጣል ማድረግ እወዳለሁ። ወሬው ሁሌም ከእቴጌ ጣይቱና ከፍልውሃ ይጀምራል። ጥሩ ነው። ግን ከተማዋ ከመቆርቆሯ ሃያ ዓመት ገደማ በፊት፣ አካባቢው ገና የፍንፍኔ ገጠር ሳለ፣ ብርብርሳ ላይ፣ ማለትም ዛሬ አራዳ ጊዮርጊስ ባለበት አካባቢ፣ የካቶሊክ ሚሲዮን ነበር። እሱን ሲያነሱ ሰምቼ አላውቅም።

ካፑቺን ከሚባለው የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር የሆኑት ጣሊያናዊው ጳጳስ ጉሊዬልሞ ማሳያ፣ በእኛ አጠራር አቡነ ማስያስ፣ ሸዋ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1868 ነው። ከዚያ በፊት በጉዱሩና በከፋ ዓመታት ኖረዋል፤ ከከፋም ተባረዋል። ልባቸው ያለው እዚያው ነበር። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ግን አልለቀቋቸውም። አማካሪያቸው አደረጓቸው፤ ለሚሲዮናቸውም ፍንፍኔ ላይ ቦታ ሰጧቸው።

ሰውዬው ስብከት ብቻ አልነበረም ሥራቸው። ፈንጣጣ ይከትቡ ስለነበር ሕዝቡ «አባ ፈንጣጣ» ይላቸው ነበር። (ጳጳስ በበሽታ ስም ሲጠራና ሲወደድ እስቲ ሌላ የት ሰምታችኋል?) የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው መጽሐፋቸውም ሸዋ ከመግባታቸው አንድ ዓመት ቀድሞ ፓሪስ ታትሟል። ፍንፍኔ ላይ አብረዋቸው ከሠሩት አንዱ ፈረንሳዊው አባ ቶረን ካሃኝ ነበሩ።

ከዚያ ፖለቲካው ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1878 ምኒልክ ለዐፄ ዮሐንስ ገበሩ፤ በዚያው ዓመት ዐፄው የጠሩት የቦሩ ሜዳ ጉባኤ የሃይማኖትን ጉዳይ ለተዋሕዶ ኦርቶዶክስ ቆረጠ። በዓመቱ ዐፄው ሚሲዮናውያኑ እንዲወጡ አዘዙ። ምኒልክም ትእዛዙን ከመፈጸም ሌላ አማራጭ አልነበራቸውም። ማሳያ ሄዱ፤ አልተመለሱም። ኋላ ካርዲናል ሆነው እ.ኤ.አ. በ1889 አረፉ። ሮም አጠገብ ፍራስካቲ ከተማ በስማቸው ስለ ኢትዮጵያ ሙዚየም ተከፍቶላቸዋል።

እኛ ጋ ግን ታፔላ እንኳ አላየሁም።

አደራ፣ የምጠይቀው ቦታ አይደለም። አራዳ ጊዮርጊስ አራዳ ጊዮርጊስ ነው፤ እኔም ሳልሳለመው አላልፍም። በቤተ እምነት ጉዳይ ብዕር ማንሳት በዚህ ዘመን እሳት መጨበጥ እንደሆነም አይጠፋኝም። ግን የኮሪደር ልማቱ ፒያሳን በእግር የሚዞሩባት አድርጓታል። ሰፊ የእግረኛ መንገድ አለ፣ መቀመጫ አለ፣ መብራት አለ። የሚነበብ ነገር ነው የጎደለው።

ስለዚህ ጥያቄዬ አጭር ነው። የታሪክ ባለሙያዎችን፣ የካፑቺን አባቶችንና የአጥቢያውን ካህናት አንድ ላይ ጠርታችሁ አነጋግሩልን። የተስማሙበትን በአማርኛና በኦሮምኛ ጽፋችሁ አደባባዩ አካባቢ ትከሉልን። የፍንፍኔ ነዋሪዎችም እንዳይረሱ፤ ሚሲዮኑ የበቀለው በእነሱ መንደር ነው። እባካችሁ ደግሞ ከመታተሙ በፊት ፊደሉን አንድ ሰው ይመልከተው፤ በከተማችን ታፔላዎች ላይ ያየነው ስህተት ይበቃናል።

ከአክብሮት ጋር
የፒያሳ ነዋሪ